የአባቴን ቃላት ይዘው ይሄዳሉ

በሚቀጥለው ወር የአክስቴ ልጅ አውሮፕላን ተሳፍራ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ትሄዳለች። የምትሄደው በእጅ ስልክ ለሚካሄድ ጨዋታ የዓለም ሻምፒዮና ነው። አብረዋት አራት ሰዎች ይሄዳሉ፤ ከአራቱ አንዷ እኔ ነበርኩ። የአምስቱ ፎቶ እዚህ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ፣ ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ባለው ማትናስ በር ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። ማትናስ የምንለው የሰፈሩ ሰው ስብሰባውንም፣ ትምህርቱንም፣ ድግሱንም የሚያካሂድበትን ቤት ነው። በዚያ በር ማለፍ ስለማልወድ ከሥራ ስመለስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርድና በጓሮ በኩል እዞራለሁ።

ነገሩን ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው "ለስልክ ጨዋታ ነው እንዲህ ፊትሽ የጠቆረው?" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም፤ ከውጭ ለሚያየው ጨዋታ ነው። እኔን ያመመኝ ግን ጨዋታው አይደለም።

የአክስቴ ልጅ እናት የአባቴ ታናሽ እህት ናት። ከጎንደር የመጣነው በአንድ አውሮፕላን ነው፤ ያኔ ሁለታችንም የወተት ጥርሳችንን ነቅለን ገና አልጨረስንም ነበር። መጀመሪያ ያረፍነው መርካዝ ክሊታ ውስጥ ነው፤ አዲስ የመጣ ሰው ቋንቋና ሥራ እስኪይዝ ድረስ የሚቆይበት ግቢ። የእነሱንና የእኛን ክፍል የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነበር፤ እሱን በጣታችን እያንኳኳን እንጠራራለን።

አክስቴ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ነበራት። ሥራ ውላ ስትመጣ ስልኩን ለእኛ ትሰጥና ጋደም ትላለች። ስልኩ አንድ፣ እኛ ሁለት። ስለዚህ ተካፈልነው፦ የአክስቴ ልጅ በግራ አውራ ጣቷ ሰውየውን ታስሮጣለች፣ እኔ በቀኝ አውራ ጣቴ እተኩሳለሁ። ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ ትንፋሽ ለትንፋሽ ሆነን፣ ከሁለት ልጅ አንድ ተጫዋች እናወጣ ነበር። ስንጣላ እንኳ እየተጣላን እንጫወታለን እንጂ ስልኩን አንለቅም።

እናቴ የሞተችው እኔ ወታደር እያለሁ ነው። የአክስቴ ልጅም ወታደር ነበረች፤ ከጦር ሰፈሯ ፈቃድ ለምና መጣች። የሐዘኑን ሳምንት በሙሉ ከእኔ ጋር በአንድ አልጋ ተኛች። ለቀስተኛ ሲመጣ እኔ ማልቀስ አቃተኝ፤ እሷ አጠገቤ ተቀምጣ ለሁለታችን አለቀሰች። አባቴ እኔ ዝም በማለቴ ተጨንቆ ምግቤን በእጁ ሊያጎርሰኝ ሲሞክር፣ "ተዋት አጎቴ፣ አሁን ምንም አትጠይቃት" ያለችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ እሷን መጠራጠር የሚባል ነገር በሐሳቤ አልፎ አያውቅም።

ከውትድርና ስንወጣ ቡድን መሠረትን። እሷ የቡድኑ አምበል ሆነች። ሌሎቹ ሦስት ወንዶች ናቸው፤ ሁለቱ የእኛው ልጆች፣ እዚሁ የተወለዱ፣ አማርኛቸው ከእናታቸው ቁጣ የማያልፍ። ሦስተኛው ቤተሰቦቹ ከሞሮኮ የመጡ ልጅ ነው።

ጨዋታው ለማያውቀው ሰው እንዲህ ነው። አምስት ሰው ከአምስት ሰው ይገጥማል። እያንዳንዱ ወገን የሚጠብቀው አንድ ትልቅ ነገር አለው፤ እሱ ከተሰበረ አለቀ። ወደዚያ የሚያደርሱ መንገዶች አሉ፣ በየመንገዱ ግንብ ቆሟል፣ በመንገዶቹ መካከል ሰው አድፍጦ የሚጠብቅበት ደን አለ። ከአምስቱ አንዱ እየተጫወተ ለሌሎቹ ይጮሃል፦ ወዲህ ኑ፣ ወዲያ ተመለሱ፣ አሁን ግቡ። እኔ እሱ ነበርኩ። የአክስቴ ልጅ ጣቷ ከዓይን ይፈጥናል። የእኔ ጣት እንደዚያ አይደለም። ግን ሰው ገና ሳይነሣ ወዴት ሊሄድ እንዳሰበ ይታየኛል።

አንድ ጊዜ ቴል አቪቭ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው አጋጠሙን። ተቃራኒዎቻችን ፊት ለፊታችን ተቀምጠው በዕብራይስጥ የምጮኸውን ሁሉ ይሰማሉ፤ የምንሄድበት ቦታ ቀድመው እየደረሱ ፈጁን። በማግስቱ ቤት ተቀምጬ ግጥሚያውን በስልኬ መልሼ ሳይ አባቴ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"ምንድን ነው እንዲህ የምታፈጪበት፣ ልጄ?"

"ጨዋታ ነው አባዬ። እነዚህ እየመጡ ግንባችንን ያፈርሳሉ። በዚህ በኩል ልናባርር ስንሮጥ በዚያ ይገባሉ።"

መነጽሩን አደረገና ትንሽ አየ። "ይሄማ ዝንጀሮ ጥበቃ ነው" አለ።

አባቴ ጎንደር ገጠር ውስጥ የሰው መሬት በእኩል ያርስ ነበር። እህሉ ሲያሽት ዝንጀሮ ከገደሉ እየወጣ ይገባበታል። እሱና ጎረቤቶቹ ከእንጨት ማማ ሠርተው፣ እዚያ ላይ ወጥተው ማሳውን በወንጭፍ ይጠብቁ ነበር።

"ዝንጀሮ ሞኝ አይምሰልሽ" አለኝ አጠገቤ እየተቀመጠ። "አንዱን በዚህ ያሳይሻል። እሱን ስታባርሪ መንጋው በጥሻው ዞሮ ይገባል። ስለዚህ ማማው ላይ ያለ ሰው አይወርድም። እሱ ይጮሃል፣ ሌላው ይሮጣል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግንቡ ማማ ሆነ፣ ደኑ ጥሻ። የላይኛው መንገድ ዳገት፣ የታችኛው ቁልቁለት። የምንጠብቀው ትልቁ ነገር ጎተራ። ተቃራኒ ሲመጣ "ዝንጀሮ ገባ!" እላለሁ። አምስታችንም ተሰብስበን የመጨረሻውን ፍልሚያ የምንገጥምበትን የመሀል ሜዳ ደግሞ አውድማ አልነው፤ እህል የሚወቃበት ቦታ። አባቴ ቃል ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። እሱ አገር ለሌለው ነገር ከራሱ እየፈጠረ ይሰጠኝ ነበር፤ በጨዋታው ከሰማይ ለሚወርደው እሳት የሰጠኝን ስም እስካሁን ማንም አልሰማውም ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ ሳቁ፣ ከዚያ ለመዱት። ከሁሉ ቀድሞ የያዘው የሞሮኮዎቹ ልጅ ነው።

የአገር ማጣሪያውን ያሸነፍነው በእነዚህ ቃላት ነው። በመጨረሻው ግጥሚያ ጎተራችን ሊሰበር ትንሽ ቀርቶት ነበር። ወንዶቹ ለማዳን ወደ ኋላ ሊመለሱ ሲሉ "አትመለሱ! ሁላችሁም አውድማ!" ብዬ ጮህኩ። ተቃራኒዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ምን እንዳልኩ አልገባቸውም። እስኪገባቸው የእነሱ ተሰብሮ ነበር። የአክስቴ ልጅ ወንበሯን ገልብጣ ተነሥታ ከመሬት አነሣችኝ። አንገቴ ውስጥ ገብታ "አንቺ ባትኖሪ የት እንገባ ነበር! የት እንገባ ነበር!" ትለኛለች። ፊቷ በእንባ ርሶ ነበር። ያ እንባ የምን እንደነበር አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ።

ከማጣሪያው በኋላ አንድ ኩባንያ ሊረዳን ተነሣና አሠልጣኝ ቀጠረልን። አሠልጣኙን አንድ ጊዜ አገኘሁት። ጨዋ ሰው ነው፤ ሥራዬን ጠየቀኝ። ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን፣ የመነጽር መስታወት የሚሠራ ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ የደንበኛ ስልክ እንደምመልስ ነገርኩት። "ድምፅሽ ጥሩ ነው" አለኝ። ውዳሴ መስሎኝ አመሰገንኩት።

ብዙም ሳይቆይ የአክስቴ ልጅ በምሳ ሰዓት ፖሌግ ድረስ መጣች። ቢሯችን በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን።

"አሠልጣኙ ውጭ አገር ሄዷል" አለችኝ። "እስከ ፋሲካ ማግስት ልምምድ የለም። አንቺም ትንሽ ዕረፊ፤ ደክሞሻል፤ ያስታውቅብሻል።"

"ወንዶቹስ?"

"እነሱም ያርፋሉ። ሁላችንም።"

ልትሄድ ስትነሣ የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለችልኝ። በዚያው እጇ ትከሻዬን መታ አድርጋ ሄደች።

በዚያው ሰሞን አባቴ አዲስ ጠባይ አመጣ። ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ከፋብሪካ ጥበቃ ሥራው ከወጣ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ሰገነት ላይ ተቀምጦ መኪና ነበር የሚቆጥረው። አሁን ግን ከሰዓት በኋላ ጢሙን ይላጫል፣ የበዓል ጃኬቱን ይለብሳል፣ ይወጣል። "ወዴት ነው አባዬ?" ስለው "ጨዋታ አለኝ" ይለኛል። አደባባዩ ላይ ከሚሰበሰቡት ሽማግሌዎች ጋር ወግ የጀመረ መሰለኝ። ደስ አለኝ። እንዲያውም ጃኬቱን ተኩሼ በሩ ላይ እሰቅልለት ነበር።

የፋሲካ ዋዜማ ሰሞን ከሥራ ቀደም ብለው ለቀቁን። የጆሮ ማዳመጫዬን ማትናስ ውስጥ ካለው ቁም ሳጥናችን ላመጣ ጎራ አልኩ። ቁም ሳጥኑ ባዶ ነው። ክፍሉም ባዶ ነው። የማትናሱ ጠባቂ፣ የአባቴ አገር ሰው የሆኑ አዛውንት፣ ከኋላዬ መጡ።

"ምን ትፈልጊያለሽ፣ ልጄ?"

"ዕቃዬን። እዚህ ነበር ያስቀመጥኩት።"

"ዕቃችሁንማ ጭነው ወሰዱት እኮ። ኤቨን የሁዳ ከተማ፣ አሠልጣኙ ቤት ነው የሚለማመዱት። ወንበሮቹን ያስጫንኳቸው እኔው ነኝ። አልነገሩሽም እንዴ?"

"መቼ ነው የወሰዱት?"

"ቆየ እኮ! የፑሪም በዓል እንዳለፈ፤ ይኸው ወር ሊሞላው ነው።"

"ውይ፣ አዎ፣ ረስቼው ነው" አልኳቸው። ለምን እንደዋሸኋቸው አላውቅም። ያጠፋው ሌላ፣ ያፈርኩት እኔ። ቤቱን ጠየቅኋቸውና ነገሩኝ፤ ከትምህርት ቤቱ ቀጥሎ፣ አጥሩ ላይ ሎሚ የተንዠረገገበት ግቢ።

ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። አላነሣችም። ትንሽ ቆይታ ጻፈችልኝ፤ ማሚ በዕብራይስጥ ማቆላመጫ ነው፦ "ሥራ ላይ ነኝ ማሚ፤ በኋላ እደውላለሁ።" አውቶቡስ ተሳፍሬ ኤቨን የሁዳ ሄድኩ።

ሎሚ ያለበትን አጥር አገኘሁት። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ከዋናው ቤት ጎን አንዲት ለብቻዋ የቆመች ክፍል አለች፤ መስኮቷ ክፍት ነው። ወደ በሯ ስጠጋ አንዲት የማላውቃት ሴት ድምፅ ሰማሁ።

"አቭድማ! ኩላም አቭድማ!"

"ኩላም" በዕብራይስጥ "ሁላችሁም" ማለት ነው። ሌላውን ቃል ለመለየት ጊዜ ወሰደብኝ። ልጅቷ የእኔን ቃል በዕብራይስጥ ፊደል ጽፈውላት ያንን እያነበበች ነው። አውድማ ማለቷ ነው፤ በዕብራይስጥ "ው" እና "ቭ" በአንድ ፊደል ነው የሚጻፉት። ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ።

"አቭ አይደለም፣ ልጄ። አው። አው። ከንፈርሽን እንዲህ አሞጥሙጪው። አውድማ በይ።"

አባቴ ነው።

ልጅቷ ሞከረች፣ ሳቀች፣ ሌሎቹም ሳቁ። አባቴም ሳቀ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። የአክስቴ ልጅ የሚለውን ሁሉ በዕብራይስጥ ትተረጉማለች፤ "አጎቴ የሚለው፣ ቃሉን ከሆድሽ አውጪው ነው" ትላለች። በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ።

በሩ ተከፈተ። የአክስቴ ልጅ ስልኳን እያየች ወጣች፤ ልትረግጠኝ ምንም አልቀራትም።

"አንቺ… እንዴት መጣሽ?"

"በአውቶቡስ።"

በሩን ከኋላዋ ዘጋችው። "ልነግርሽ ነበር" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "በዓሉ ይለፍ ብዬ ነው። በዓልሽን ላለማበላሸት።"

"ማን ናት?"

"ከሃይፋ ናት። በጨዋታው ስሟ የታወቀ ነው። አሠልጣኙ ነው ያመጣት። ስሚኝ፣ የዓለም ሻምፒዮና ነው፤ እዚያ የሚመጡት ሌላ ዓይነት ሰዎች ናቸው። ጣትሽ አይችላቸውም። ራስሽም ታውቂዋለሽ።"

"አሠልጣኙ ይህን ሲልሽ አንቺ ምን አልሽ?"

ስልኳን ኪሷ ከተተች።

"ምን አልሽው?"

"እሺ አልኩት።"

"መቼ?"

ወደ ሎሚው አየች። "ከመጨረሻው ማጣሪያ በፊት ነው ኩባንያውም እሱም ያናገሩኝ። ያኔ ብነግርሽ ኖሮ በምን ልብሽ ትጮኺ ነበር? ማጣሪያውን እናጣው ነበር። ለሁላችንም ብዬ ነው።"

ከመሬት ስታነሣኝ ታውቅ ነበር ማለት ነው። አንገቴ ውስጥ ስታለቅስ ታውቅ ነበር። ወንዶቹስ? ልጠይቃት ፈልጌ ተውኩት፤ በመስኮቱ ዓይን ለዓይን ተጋጭተን የሞሮኮዎቹ ልጅ አንገቱን ደፋ።

"አባቴንስ ምን ብለሽ አመጣሽው?"

"በሥራ ምክንያት በራስሽ ፈቃድ ተውሽው አልኩት። ምን ላድርግ? ቃሎቹን በደንብ የሚያውቃቸው እሱ ብቻ ነው።"

"ለእኔ ሳይነግረኝ እንዲመጣስ?"

"ከሆዷ አልወጣላትም፤ ካነሣህባት ታዝናለች አልኩት።"

በሩ እንደገና ተከፈተና አባቴ ብቅ አለ። ጃኬቱን ቆልፎ፣ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ፣ ውሃ የያዘ ብርጭቆ በእጁ ይዞ። ሲያየኝ ፊቱ ሁሉ በራ።

"መጣሽ? ልጄ! ልትመለሺ ነው? ደግ አደረግሽ፣ ደግ አደረግሽ!"

የሃይፋዋ ልጅ ከኋላው ወጣች። ቀጭን፣ አይናፋር ልጅ ናት። እጇን ዘርግታ በዕብራይስጥ "በሥራ ምክንያት የተውሽው አንቺ ነሽ? ቃሎችሽ በጣም ያምራሉ" አለችኝ። ውሸቱን ለእሷም ነግረዋታል። እጇን ጨበጥኩ። ምን ላድርጋት?

"አባዬ፣ እንሂድ" አልኩ።

"ገና እኮ አልጨረስንም።"

"እንሂድ በቃ።"

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገብ ላጠገብ ተቀመጥን። ከኤቨን የሁዳ እንደወጣን ነገርኩት።

"እኔ አልተውኩም አባዬ። አስወጡኝ። ዛሬ ነው ያወቅሁት።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። የብርቱካን እርሻው አለፈ፣ መጋዘኖቹ አለፉ። ቀስ ብሎ ጃኬቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈው።

"በውሸት ነው እንግዲህ የጠራችኝ" አለ።

"አዎ።"

"እኔ ደግሞ ጥሩውን ጃኬቴን ለብሼ።"

ሰውነቴ ነደደ። በእሱም ላይ ነደደ፤ አልደብቅም። "ለምን አልጠየቅኸኝም? አንድ ቀን እንኳ፣ ለምን አቆምሽ አትለኝም ነበር?"

"ታዝናለች አለችኝ። አንቺ ስታዝኚ እንዴት እንደምትሆኚ አይቻለሁ። በእናትሽ ጊዜ አይቻለሁ። ድጋሚ እንዳላየው ብዬ ፈራሁ።"

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በሐዘኔ ሳምንት አልጋዬ ላይ ተኝታ ያየችውን፣ አባቴ በምን እንደሚፈራ፣ በምን ዝም እንደሚል፣ ያን ሁሉ ይዛ ቆይታ እንደ ቁልፍ ተጠቀመችበት። ቡድኑን ብትወስድብኝ እናደድ ነበር፣ አለቅስ ነበር፣ ያልፍልኝም ነበር። ይህን ግን የት እንደማስቀምጠው ገና አላወቅሁም።

በሰንበት ከሰዓት በኋላ አክስቴ ልጇን አስከትላ መጣች። ስትገባ የወንድሟን ጉልበት ሳመች።

"ወንድም ጋሼ፣ ልጆች ተቀያይመዋል። ልጅ ይጣላል፣ ይታረቃል። አሁን ግን ቀኑ እየደረሰ ነው። ልጄ ይህን አገር ወክላ ልትሄድ ነው፤ የሁላችንም ስም ነው የሚጠራው። ያቺ ከሃይፋ የመጣችው ልጅ ደግሞ ያለ አንተ አልሆነላትም ይላሉ። ስለ እኔ ብለህ ትምህርቱን ጨርስላቸው።"

አባቴ ወደ እኔ አየ። አትሂድ ልለው ምላሴ ላይ ነበር፤ ግን ያን ሳቁን ሰምቼዋለሁ።

የአክስቴ ልጅ አባቴ እንዳይሰማ ወደ ዕብራይስጥ ዞረች። "ዜ ሎ ኢሺ" አለችኝ፤ ነገሩ በአንቺ ላይ አይደለም ማለቷ ነው። "ሥራ ነው። አንቺ ላይ ቢሆን ኖሮ እዚህ እመጣ ነበር?"

"በአማርኛ ተናገሪ" አልኳት። "አባቴ ይስማሽ።"

በአማርኛ አልደገመችውም።

አባቴ ለአክስቴ መለሰላት፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ። "በእውነት ብትጠይቁኝ ኖሮ፣ ልጄ ብታኮርፈኝም እሄድ ነበር። የእህቴ ልጅ ናት፤ እኔ ነኝ እሽኮኮ አድርጌ ያሳደግኋት። በውሸት የጠሩኝ ቤት ግን ተመልሼ አልገባም።"

አክስቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ልጇ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ "ደስ አለሽ?" አለችኝ።

"አላለኝም" አልኳት። እውነቴን ነበር።

በማግስቱ አባቴ ጢሙን አልተላጨም። ሰገነቱ ላይ ወንበሩን አውጥቶ ተቀመጠ። ሳምንቱን ሁሉ እንደዚያ ሆነ። የተጎዳሁት እኔ ሆኜ ሳለ እሱን በዚያ ወንበር ላይ ሳይ ደስታውን የቀማሁት እኔ እየመሰለኝ እበሳጫለሁ። ይህንንም ያደረገችው እሷ ናት፤ በራሴ ቤት ውስጥ፣ ከራሴ አባት ጋር፣ ዓይን ለዓይን መተያየት እንዲከብደን አደረገችን።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሥራ ቦታ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ስልኳን ይዛ መጣች። "ይህቺ የአክስትሽ ልጅ አይደለችም?" ኩባንያው ለሻምፒዮናው የሠራው አጭር ፊልም ነው። መጀመሪያ ጨለማ ነው። ከዚያ አንድ የሽማግሌ ድምፅ "ዝንጀሮ ገባ!" ብሎ ይጮሃል። አባቴ ነው። ኤቨን የሁዳ ሲያስተምር ቀድተውት ነበር፤ ማንም አላስፈቀደውም። ከዚያ የአክስቴ ልጅ በአዲሱ የቡድን ልብስ ብቅ ትልና ታወራለች።

ማታ እራት በልተን ስንጨርስ ለአባቴ ከፈትኩለት። መደበቅ ሰልችቶኝ ነበር። ስልኩን ጆሮው ላይ አስጠግቶ ሰማ።

"የእኔ ድምፅ ነው?"

"የአንተ ነው።"

"ድገሚልኝ።"

ደገምኩለት።

"አርጅቷል" አለ። "እሷ ምንድን ነው የምትለው?"

ፊልሙ በዕብራይስጥ ነው። መተርጎም ነበረብኝ። "ቃሎቹ አያቴ ጎንደር ውስጥ ማሳ ሲጠብቅ የሚጮኻቸው ናቸው። እኔ ከአያቴ ተቀብዬ ለቡድኔ አስተማርኩ ትላለች።"

ግንባሩን ቋጠረ። "አያቷ? የእሷ አያት እኮ የእኔ አባት ነው። አባቴ አንጥረኛ ነበር፤ ማማ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከፍታ ያዞረዋል።" ሳቅ አለ፤ ደስ የማይል ሳቅ። "ሙቱን ማማ ላይ ሰቀለችው።"

ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩላት። "ቃሉ የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ" አልኳት፤ ሌላ ምንም አልጨመርኩም። የልብ ምልክት ላከችልኝ። ቀይ ልብ፣ ሌላ ምንም የለውም። ስቃብኝ ይሁን፣ ይቅርታ መጠየቋ ይሁን፣ ወይስ ሳታነበው ተጭናው ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት ማትናሱ ውስጥ የመሸኛ ዝግጅት ተደረገ። አጎት ሆኖ መቅረት ስለማይችል አባቴ ሄደ፤ እኔም ይዤው ሄድኩ። ሽማግሌዎች መረቁ፣ የከተማው ሰዎች ንግግር አደረጉ። የሃይፋዋ ልጅ ሰው እየገፋች አባቴ ዘንድ መጣችና ጎንበስ ብላ ሰላም አለችው። ከዚያ ጆሮው ስር "አውድማ" አለች። ጥርት አድርጋ አለችው። አባቴ ሳያስበው "ጎበዝ!" ብሎ ትከሻዋን መታ አደረገ። አጠገቡ ነበርኩ። እሱም ወዲያው አየኝ፤ እጁን ቶሎ ሰበሰበ። ባይሰበስበው ይሻለኝ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ካሜራው ፊት አቀፈችኝ። ሁሉም ሰው ዘመድ መሆናችንን ያውቃል፤ ብገፋት ወሬው እኔው ላይ ይዞር ነበር። ሽቶዋ ያው የድሮው ነው።

"አንቺም በእኔ ቦታ ብትሆኚ ታደርጊው ነበር" አለችኝ በጆሮዬ።

"አላደርገውም" አልኳት።

"እንደዚያ ይመስልሻል።"

"አላደርገውም" አልኩ ደግሜ። ከእቅፏ ወጣሁ። እሷ ለሚቀጥለው ሰው ፈገግ አለች።

ከኻዴራ ከተማ አንድ ቡድን እንድጮህላቸው ጠይቆኛል። እስካሁን አልመለስኩላቸውም። ስልኬን ስከፍት ጨዋታው እዚያው አለ፤ አላጠፋሁትም፣ አልነካውምም። አሁን ሰው አዲስ ነገር ሲያጫውተኝ፣ የሥራ ጓደኛዬ እንኳ ኮሌታሽ ተጣሟል ስትለኝ፣ እጇን አያለሁ።

ትናንት አባቴ ምሳ ላይ "ግጥሚያው በየትኛው ቀን ነው?" ብሎ ጠየቀኝ።

"አላውቅም።"

"በስልክ ይታያል?"

"ይታያል መሰለኝ።"

እንጀራውን አጥፎ ያዘና ሳይጎርስ ቆየ። "እኔ ባየው ደስ ይለኛል" አለ። "የእህቴ ልጅ ናት፣ ምን ላድርግ። ግን ማን ወዴት እንደሚሄድ አይገባኝም። አጠገቤ ሆኖ የሚነግረኝ ሰው እፈልጋለሁ።"

እያየኝ ነበር። ሳህኔን አንሥቼ ወደ ኩሽና ገባሁና የቧንቧውን ውሃ ከፈትኩ።